የአጭሩ ሰው ጥፍር

ማዋርዲ የተገኘው እርሻው ውስጥ በሆዱ ተደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በሦስት ረጅም መስመር ተተልትሏል። በዙሪያው የቆሙት የቀረፋ ዛፎችም ግንዳቸው እንደዚያው ሦስት ሦስት ሆኖ ተቧጥጧል። እርጥቡ መሬት ላይ ደግሞ አጭርና ሰፊ የእግር ኮቴ ታትሟል።

ሉቡክ ታባት ከከሪንቺ ተራራ ስር፣ እርሻው አልቆ ጫካው የሚጀምርበት ላይ ያለች መንደር ናት። ሬሳው ከወደቀበት ሳይነሳ ወሬው መንደር ደረሰ። «አጭሩ ሰው ገደለው!»

አጭሩ ሰው የሚሉት ጫካ የሚኖረውን ጸጉራም፣ ዝንጀሮም ሰውም የሚመስለውን፣ በሁለት እግሩ የሚሄደውን ፍጡር ነው። አየሁት የሚል ብዙ ነው፤ ያዝኩት የሚል የለም። ሸንኮራ ሰረቀ፣ ሙዝ ሰረቀ ይባላል። ሰው ገደለ ሲባል ግን ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ወንዶቹ ውሻና ጠመንጃ ይዘው ሊወጡ ሲሰናዱ ኢንስፔክተር ሳምሲናር ከከተማ መጣች።

ሳምሲናር ሐይቁ ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ዳገቱን ስትወጣ መንገዱንም መንግሥትንም ስትራገም ነበር። ሬሳው ጋ ስትደርስ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች። ሸሚዙን ገልጣ አየች።

«ጭረቱ አልደማም» አለች። «ይሄን የቧጠጠው ከሞተ በኋላ ነው። መጥረቢያው የት አለ?»

መጥረቢያው የእርሻው ጎጆ ውስጥ ነበር፤ ታጥቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

«መጥረቢያ የሚያጥብ አውሬ ሰምቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ዛፎቹን አንድ በአንድ እየዞረች ነካካች። ከራሷ በላይ ያሉትን ጭረቶች ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

አብሯት የነበረው ሀጂ ባህቲያር ነው፤ የሟቹ ሚስት ወንድም፣ የጎሳው አለቃ። በዚያ አገር ቤትና መሬት የሴቶቹ ነው፤ ባል ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የወንድማቸው ነው።

«ሀጂ፣ አጭሩ ሰው ስንት እግር አለው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሁለት።»

«ይሄ ሁሉ ኮቴ ቀኝ እግር ነው። በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው የገደለው?»

ሀጂው አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሯል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«ተጣልተናል! ሻይ ቤት፣ ሰው እያየ! አልክድም። ዛፎቹ የእህቴ ልጅ የዊርዳ ናቸው። በተወለደች ሳምንት ነው ለእሷ ተብለው የተተከሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካቸውም። ዘንድሮ ተልጠው ሊሸጡና ፓዳንግ ከተማ ሄዳ አዋላጅነት ልትማርባቸው ነበር። ይሄ ሰውዬ ታዲያ ከሻይ እርሻው ሰፈር ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ለነጋዴ ሰጣቸው። 'አንተ እህቴ ቤት እንግዳ ነህ' አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«'ጉድጓዳቸውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ' አለኝ። እሱም እውነቱን ነው፤ ቆፍሯል።»

«እርስዎ ቀረፋ ልጠው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ሀጂው መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው። «እኔ ቅርፊት ገዢ ነኝ፣ እህቴ። ሚዛን እንጂ ቢላዋ ይዤ አላውቅም።»

ከዚያ ወደ ሱጊኖ ቤት ወረደች። ሱጊኖ አጭሩን ሰው ለማየት ከሩቅ የሚመጡ እንግዶችን ጫካ የሚያስገባ መሪ ነው። ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ የጸጉር ቁራጭ፣ የታኘከ ሸንኮራ፣ ፎቶግራፍ ደርድሯል። መሃል ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ዙሪያው አቧራ፣ ውስጡ ንጹህ፣ ቅርጹ የእግር።

«እዚህ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

ሱጊኖ አላበው። «የእግሩ ቅርጽ ነበር፤ በጄሶ የቀዳሁት። ቀኝ እግር። ያለኝ እሱ ብቻ ነው... ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ሰረቁኝ፣ እትዬ።»

«ወይስ ገበያው ቀዝቅዞብህ አውሬህን አጀገንከው?»

«በአላህ! ገበያዬማ የሞተው አሁን ነው። ዛሬ ጠዋት ብቻ የጠበቅኳቸው እንግዶች ሁሉ ቀሩብኝ። እኔ 'የዋህ ነው፣ ሰው አይነካም' እያልኩ ነው የማመጣቸው። ከነፍሰ ገዳይ አጠገብ ድንኳን የሚተክል ማን አለ?»

«ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

«እዚህ ድረስ» ደረቱን ነካ። «ስሙም አጭር ነው እኮ።»

«እንግዶችህም እንደዚያ ይላሉ?»

«እነሱማ በየአገራቸው ጣሪያ የሚያክል አለን ባይ ናቸው። ሰው ገንጥሎ የሚጥል! ማታ ማታ ስልካቸው ላይ ያሳያሉ። ወጥ ቤት ያለው ሳይቀር ወጥቶ ያያል። እኔ 'የእኛው እንደዚያ አይደለም' እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።»

«ቀረፋ ትልጣለህ?»

«እኔ የሻይ እርሻ ልጅ ነኝ። ቀረፋን የማውቀው ብርጭቆ ውስጥ ነው።»

ሳምሲናር ሳቀች። ወጥ ቤት የምትሠራለትን ጠየቀችው፤ ነገራት።

የሟቹ ቤት ስትደርስ ለቅሶተኛው ገና አልተበተነም። ባልቴቷ ሮስማኒ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ዊርዳ ከኋላዋ ተንበርክካ የራስ ሻሿን በመርፌ ቁልፍ ታያይዝላታለች።

«ሁለቱም ክንዷ ከትከሻዋ አልፎ አይነሳም» አለች ዊርዳ፣ ሳትጠየቅ። «ካቻምና ከዛፍ ወድቃ ነው። ብዪ እትዬ፣ ሩዝ ብዪ። የሐይቁ ሰው ዓሣችንን ይንቃል ይባላል፤ አንቺም ልትንቂው ነው?»

«አልንቅም፤ ረሃብ ይዞኛል» አለች ሳምሲናር። በላች። ዊርዳ ሳህኑን አንስታ ስትወጣ ወደ እናቲቱ ዞረች።

«ሮስማኒ እህቴ፣ ሬሳው በተገኘ ጊዜ ለጎረቤት 'አጭሩ ሰው ሰው አይነካም' ብለሻል አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

«አሁን ምን ትያለሽ?»

«እሱ ነው የገደለው።»

«ምን አስለወጠሽ?»

«ያን ጊዜ ዛፎቹን አላየሁም ነበር። ኋላ አየሁ።»

«ምን አየሽባቸው?»

ሮስማኒ ልጇ ወደ ወጣችበት በር ዞራ አየች። «ጥፍር» አለች። ከዚያ በእጇ የኢንስፔክተሯን ጉልበት ያዘች። «ተይው። አጭሩ ሰው ይሁን። እሱ አይታሰር፣ እሱ አይሰደብ፣ የምታለቅስለት እናት የለችው። አንቺ ምን ይጎድልብሻል?»

ሳምሲናር ያንን እጅ ለማስለቀቅ ጊዜ ወሰደባት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሀጂ ባህቲያር ቤት ሰበሰበች። ሀጂው፣ ሱጊኖ፣ ሮስማኒና ዊርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጠመንጃ የያዙት ወንዶች ደጃፉን ሞሉት።

«ውሾቻችሁን እሰሩ» አለች ሳምሲናር። «የምታድኑት ጫካ ውስጥ የለም።»

«ጥፍሩስ?» አለ አንዱ ከደጅ። «ጥፍሩን እኛው አየነው!»

«እኔም አየሁት። ከራሴ በላይ ነው። አጭሩ ሰው እስከ ደረት ነው ብላችሁ ለልጆቻችሁ የምትነግሩ እናንተው ናችሁ። መሰላል ይዞ ነው የመጣው?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሀጂው ገላመጠው።

«ኮቴው የሱጊኖ ጄሶ ነው፤ ለዚህ ነው ሁሉም ቀኝ የሆነው። ሱጊኖ ግን አይደለም። በዚህ ወሬ እንጀራው ተዘግቷል። ደግሞም ቀረፋ አያውቅም፤ ይሄን ያደረገው ቀረፋ ያውቃል።»

«እንዴት?» አለ ሀጂው።

«ቀረፋ የሚልጥ ሰው ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት ምን ያደርጋል?»

«ሽበቱን ይፍቃል» አሉ ከደጅ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድ ድምፅ። ግንዱን የሚያለብሰውን አረንጓዴ ነገር ሽበት ይሉታል። ሳይፋቅ ከተላጠ ቅርፊቱ ይቆሽሻል።

«ግንዶቹን ሂዱና እዩ። ሽበቱ በያንዳንዱ ጭረት ስፋት ልክ ተፍቆ ነው በባለሦስት ጥርስ መኮትኮቻ የተቧጠጠው። ቸኩሎ፣ ፈርቶ፣ ሬሳ አጠገብ ቆሞም ቢሆን እጅ የለመደውን ሠራ። አውሬ ዛፍ አጽድቶ አይቧጥጥም። ሌላም አለ። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ቀረፋ ይደርቃል። አንድም ዛፍ ዙሪያውን አልተነካም። ሰው የገደለ እጅ ለዛፎቹ ሳስቷል።»

ከደጅ አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ሀጂ ልጦ አያውቅም። ከዚህ ቤተሰብ የሚልጡት ሁለት ናቸው፤ እናትና ልጅ። ሮስማኒ አጭሩ ሰው ሰው አይነካም እየተባለች ነው ያደገችው፤ ሞት በእሱ ላይ ማላከክ ከሐሳቧም አይገባም። ይሄን ያሰበው ማታ ማታ የባዕድ አገር አውሬ በስልክ ያየ፣ ጣሪያ የሚያክል፣ ሰው የሚገነጥል አለ ሲባል የሰማ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ጄሶውን ማንሳት የሚችልም እሱ ነው። የሱጊኖ ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራው...»

«እኔ ነኝ!» ሮስማኒ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። በላዬ ላይ ሚስት ሊያገባ! እሰሪኝ!»

«ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«አልቀመጥም! መጥረቢያ አንስቼ ፈጠፈጥኩት!»

«እሺ። ጭረቶቹስ? እስቲ ክንድሽን ከራስሽ በላይ አንሺልኝ።»

ሮስማኒ ሞከረች። ሰው ሁሉ እያየ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ላብ እስኪያጠምቃት ሞከረች። ክንዷ ትከሻዋ ጋ ቆመ። አሁንም ገፋችው። እያቃሰተች።

«ተይ እማዬ» አለች ዊርዳ። «ተይ በቃ። ያምሻል።»

ተነስታ የእናቷን ክንድ ቀስ ብላ አወረደችው። ፊቷ ላይ እንባ የለም።

«ምሳ ወስጄለት ነበር» አለች። «ነጋዴው ቅዳሜ ሊቆርጥ ይመጣል አለኝ። ለመንኩት። ሚስት ማግባቱን አግባ፣ ዛፎቹን ግን ተውልኝ አልኩት። አልጮኸብኝም። እየበላ ነበር። 'ምን ያንጨረጭርሻል፣ ሌላ ይተከልልሻል' አለኝ።» ዞር ብላ አጎቷን አየች። «ሌላ! ሃያ ዓመት እኮ ነው። ፊቱን አዞረና እጁን ሊታጠብ ሄደ። መጥረቢያው አጠገቤ ነበር።»

ሀጂ ባህቲያር በዚያ ለስላሳ መዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ከደጅ አንድ ሽማግሌ «እኔ ግን ድሮም አይነካም ብያለሁ» አለ። የሚሰማው አልነበረም። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ቁልቁል ይዘው አንድ በአንድ ሄዱ። ሳምሲናር ዊርዳን በካቴና አላሰረቻትም፤ ቁልቁለቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። ያንን ያዩ እንግዶች እናትና ልጅ ይመስሏቸው ነበር።

ዳኛው ብዙ ዓመት እስራት ፈረደባት። የጎሳውም ፍርድ ተከተለ። አባት የእናቱ ጎሳ ነው፤ ልጅ የእናቷ። ስለዚህ ዊርዳ የገደለችው በባህሉ ዓይን የሌላ ጎሳ ሰው ነው፤ ደሙም ካሣ አለው። የማዋርዲ እህቶች ከመንደራቸው መጥተው ሀጂ ባህቲያር ቤት ተቀመጡ። ሌላ የሚሰጥ አልነበረም። ሀጂው በገዛ አንደበቱ ዛፎቹን ፈረደላቸው። የሟቹ የእህት ልጆች መጥተው ሁሉንም ቆረጡ።

ሱጊኖም ተጽናና። አጭሩ ሰው ሰው ገደለ የሚለው ወሬ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ እንግዶቹ ከቀድሞው ይልቅ በዝተው መጡ። እሱም መጀመሪያ እውነቱን ይነግራቸው ነበር፤ ሲከፋቸው እያየ ተወው።

ሮስማኒ ልጇን ልትጠይቅ እስር ቤት ሄደች። ዊርዳ ከስታለች። ሩዙን ተቀብላ ስለ እናቷ ክንድ ጠየቀች። ከዚያ «ቆረጧቸው?» አለች።

«ቆረጧቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዊርዳ አንገቷን አቀረቀረች።

«ቅርፊቱስ ጥሩ ነበር?»

«ወፍራም ነው» አለች ሮስማኒ። «እንደዚያ ያለ አይተን አናውቅም አሉ።»