የነገረኛው ገላጋይ

«እጅህን ሰብስብ! ባለጌ!»

የመድኃኒት ቀማሚዋ ጩኸት ኮሪደሩን አናጋው። የአሳንሰር ጠጋኙን ደረቱ ላይ በሁለት እጇ ገፋችው።

«ባለጌስ አንቺ! ዲግሪሽን ግንባርሽ ላይ ለጥፊው!»

ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ስልኩን አየ። ሌላዋ የታሰረ ጫማዋን ፈታ እንደገና አሰረች። ለምስክርነት እንዳይጠሩ መሆኑ ነው። ቀማሚዋ እየተሳደበች ሄደች፤ ጠጋኙም እየተሳደበ አሳንሰሩ ውስጥ ገባ።

በሩ ተዘጋ።

ቀማሚዋ ስትገፋው የከተተችለት ብልቃጥ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። አውራ ጣት ታህላለች። የያዘችው ግን ላይኛው ፎቅ ላይ፣ በሳል ሽሮፕ ሥራ ሽፋን በድብቅ የሚቀመመውን መርዝ ነው። በአየር ቢበተን አንድ ሰፈር ሕዝብ ይጨርሳል። ብልቃጧ ካልወጣች ይህን የሚያምን የለም።

ጠጋኙን በመድኃኒት ኩባንያው ውስጥ «ኮሶ» ይሉታል። ፊቱ ሁሌም ኮሶ እንደጠጣ ሰው የተኮማተረ ነው። ለስለላ ሲላክ ይህን ጠባይ የመረጠው ራሱ ነው። ዝምተኛን ሰው ይጠረጥረዋል። ተጫዋችን ደግሞ የት ተወለድክ፣ አገባህ ወይ እያለ ያደርቀዋል። ነገረኛን ግን ሁሉም ይሸሸዋል፤ የሚሸሹትን ሰው ማን ይመረምረዋል? ችግሩ ጠባዩ የእሱ አለመሆኑ ነው። ኮሶ በተፈጥሮው እግሩን የረገጠውን ሰው ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነበር።

ያልሸሸችው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ ልጄ?» ትለዋለች። እሱ የእናቱ እኩያ የሆነችውን ሴት «አንቺ፣ ባልዲሽን ከመንገድ አንሺ!» ይላታል። በማግሥቱም «እንዴት አደርክ ልጄ?» ነው። ጸብ ካየች ደግሞ አያስችላትም። ሾፌሮቹ ሲቧቀሱ መወልወያዋን ጥላ መሐል ትገባለች፤ ይቅር ካልተባባሉም አትለቅም። ለዚህ ነው «እትዬ ገላጋይ» የሚሏት።

አሳንሰሩ ሲወርድ ጆሮው ውስጥ ያለችው ማዳመጫ ተንጫረረች።

«ኮሶ።»

ድንጋይ የሚባለው አዛዡ ነው። ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃል።

«ይዣለሁ።»

«ጎበዝ! አይዞህ ወንድሜ። በዋናው በር ውጣ፤ እዚሁ ነኝ።»

አይዞህ?

ኮሶ እጁ ተሰብሮ የመጣ ጊዜ «በሌላው እጅህ ሥራ» ያለው ሰው ነው ድንጋይ። ወንድሜ ማለትን ከየት አመጣው? ዓመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ። ድንጋይን ያወጣው ግን ያልለመደው ደግነት ነው።

ሸጦታል።

ንዴት መጣበት፤ ይሄኛው ንዴት እንኳ የማስመሰል አልነበረም። የቀማሚዋን ማንነት ለድንጋይ አለመንገሩ ብቻ አጽናናው።

በሩ ተከፈተ።

ሁለት ጠባቂዎች። እጃቸው ኮታቸው ውስጥ።

የምሳ ሰዓት ስለነበር አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ከጠባቂዎቹ ጀርባ እትዬ ገላጋይ ወለል ትወለውላለች።

«ድምፅህን ሳታሰማ ቅደም» አለ ግዙፉ ጠባቂ።

ኮሶ ሴትዮዋን አያት። ከጮኸ እንደምትመጣ ያውቃል። መጥታም ምን እንደሚደርስባት ያውቃል።

ጮኸ።

«ማንን ነው ቅደም የምትለው? ዘበኛ ነህ ወይስ ሚዜ?»

የጠባቂውን ክራባት ጨምድዶ ያዘ። ጠባቂው በቡጢ አገጩን አለው። ወዲያው መወልወያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

«በሞቴ! በሞቴ ተዉ ልጆቼ!»

እትዬ ገላጋይ መሐል ገብታ ጠባቂውን ወገቡ ላይ አቀፈችው። እሷ ስትገባ ሌላውም አፈረ መሰለኝ፣ ለምሳ የወረደው ሁሉ ሊገላግል ተረባረበ። ሁለተኛው ጠባቂ በገላጋይ ተከበበ።

«ልቀቂኝ ሴትዮ!»

«ይቅር በለውና እለቅሃለሁ! ክፉ እኮ አይደለም፤ ሆድ የባሰው ልጅ ነው!»

ኮሶ ሰማት። አንዴ ዞሮ አያት።

ከዚያ የምድር ቤቱን በር ገፍቶ ወረደ። የአሳንሰሩ ሞተር ክፍል ወደ ጓሮ ያስወጣል፤ ቁልፉም በእሱ በጠጋኙ እጅ ነው። «የት ደረስክ ወንድሜ?» አለ ድንጋይ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ በተረከዙ ጨፈለቀው።

በማግሥቱ ብልቃጧን የድንጋይ የበላይ ለሆነችው ለዋናዋ አለቃ በእጇ ሰጣት። አለቃዋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየቻት።

«ቀማሚዋ ድንበር ተሻግራለች። ድንጋይም ተይዟል» አለች።

«የጽዳት ሠራተኛዋስ?»

«የትኛዋ?»

«መሐል የገባችው።»

«ግብረ አበሩ ነሽ ብለው ወሰዷት። የእኛ ሰው አይደለችም፤ የምናደርግላት ነገር የለም።»

«አውቄ ነው የጮህኩት።»

«አውቀህ ባትጮህ ኖሮ እዚህ አትቆምም ነበር። አሁን ሂድ። ነገረኛነትህ ተነቅቶበታል፤ ሌላ ጠባይ ፈልግ።»

ሌላ ከተማ ሄደ። ሌላ ስም ያዘ።

ጋራዥ ውስጥ ሥራ ገባ። አንድ ቀን ሁለት መካኒኮች በጎማ ተጣልተው አንደኛው ብረት አነሳ። ሰዉ ፊቱን አዞረ። አዲሱ ሠራተኛ ግን መፍቻውን ጥሎ መሐል ገባ።

«በሞቴ! በሞቴ ተዉ ልጆቼ!»

ልጆቼ ለማለት ዕድሜው አይደርስም። እንደሰማው ነው ያለው። ብረት ያነሳውን ወገቡ ላይ አቅፎ ያዘው፤ ይቅር እስኪባባሉም አልለቀቀም።

የጋራዡ ባለቤት ሳቀ።

«እንዳንተ ያለ ደግ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ጠባይ ከማን ወረስከው?»

«ከእናቴ።»

«ታድለህ። አሉ በሕይወት?»

መልሱን አያውቀውም። ጎንበስ ብሎ የጣለውን መፍቻ አነሳ።