ከአጥር ውጭ የተማሰ ጉድጓድ

ልጆቼ፣ የደርቤ መቃብር የተማሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነበር። ራሱን የገደለ ሰው ፍትሐት የለውም፤ ከአጥር ውስጥም አያርፍም። ደርቤ እሑድ ቀትር ላይ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ፤ ጫማው ከአፋፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ። ደባርቅ ጫማውን አየችና ፈረደች።

ኢንስፔክተር ባንቻየሁ ግን ሬሳው ድረስ ወረደች። ሐምሌ ነው፤ አፋፉ ጭቃ በጭቃ ነው። የሟቹ ውስጥ እግር ግን ታጥቦ የተኛ ሰው እግር ይመስል ነበር።

ወደ ላይ ስትመለስ የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም ደምለው ከዳባት ደርሶ ያለቅሳል።

«መቼ አየኸው?»

«ዛሬ ማለዳ ነው፣ እትዬ። እዚሁ ደባርቅ ሻይ ቤት አብረን ቁርስ በልተን እኔ ወደ ዳባት ተመለስኩ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። “እስከዳር ካናዳ ከሄደች እኔ ምን ኑሮ አለኝ” አለኝ።»

«በላ?»

«ፍርፍሩን ከኔ የበለጠ እሱ ነው የበላው። ለካ ለገደል ስንቅ እየቋጠረ ኖሯል።»

የካናዳው ነገር እንዲህ ነው። እስከዳርና ደርቤ የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ ቀበሌ አያውቃቸውም። ደምለው ይህን አይቶ እህቱን ካናዳ ለሚኖር ሰው በወረቀት ዳራት። በጋብቻ ቪዛ እሷ ትሄዳለች፤ ኋላ ደግሞ ወንድሟን ትስባለች። ደርቤም ዝም እንዲል ተነገረው።

ለቅሶው ቤት ሴቶቹ ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም። «መበለትም ሆነች፣ መንገደኛም ሆነች፤ በአንድ ቀን» አለች አንዷ። እስከዳር ሰምታ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ባልሽን የሚጠላው ማን ነው?» አለቻት ባንቻየሁ።

«እኔን የሚጠላኝን ቢጠይቁኝ ይቀላል። ይኸው ተቀምጠዋል።»

«ሲወጣ ምን አለሽ?»

«ገደሉ አፋፍ ያለችውን ማሳ ልይ አለ። ጫማህን ጭቃ ይበላዋል ብለው “ዛሬማ ጫማ አይወለቅም” ብሎኝ ሳቀ።»

ባንቻየሁ ከዚያ ወደ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄደች። ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ዛሬ ደርቤን አይተውት ነበር?»

«አቁርቤዋለሁ፣ ልጄ። ከነሚስቱ። ከጥቂት አሮጊቶች በቀር ያየ የለም። በዚህ አፌ አቁርቤ በዚህ አፌ ፍትሐት ልከልክለው?»

«ቀብሩን ትንሽ ያቆዩልኝ» አለች።

ሬሳው ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ቄሱን፣ እስከዳርንና ደምለውን ከፊቷ አቆመቻቸው። ለቀስተኛው ከበበ።

«ደርቤ ቆርቦ ነበር» አለች። «የቆረበ ሰው ያን ቀን እሾህ ወግቶት ደሙ እንዳይፈስ ጫማውን አያወልቅም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አውልቆ ቢሆን ደግሞ ከጫማው እስከ ገደሉ ጭቃውን በረገጠ ነበር፤ እግሩ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ መትቶ ጥሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ተሸክሞ የወረወረው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው መቁረቡን አላወቀም። አባ ያውቃሉ፤ ያቆረቡት እሳቸው ናቸው። እስከዳር ታውቃለች፤ አብራው ቆርባለች።» ዞር አለች። «ደምለው፣ ሊቆርብ የጾመ ሰው ማለዳ ፍርፍር ያበላኸው የትኛው ሻይ ቤት ነው?»

 ደምለው መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ለኤምባሲው እናገራለሁ ሲል ከርሟል። ማሳው ድረስ ሄጄ፣ ቪዛው እስኪደርስ ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

«ቪዛ የለም፣ ወንድም ዓለም» አለች እስከዳር። «ባለፈው ሳምንት ኤምባሲው ሲጠይቀኝ ደባርቅ ባል አለኝ ብያለሁ። ያኔውኑ ቀረ። ዛሬ የቆረብነውም ለዚያ ነው። የሳቀውም ለዚያ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁህ። ዛሬ ማታ ከደርቤ ጋር ሆነን ልንነግርህ ነበር። የራትህ ዶሮ ቤት ታስሯል።»

ደምለው እዚያው ተቀመጠ። ፖሊሶቹ በብብቱ ይዘው አነሡት።

ደርቤ በፍትሐት፣ ከአጥር ውስጥ ተቀበረ። ቆፋሪዎቹ የውጭውን ጉድጓድ ሊደፍኑ አፈር ሲያነሡ እስከዳር እጇን ዘረጋች።

«ተዉት» አለች። «ለወንድሜ ይቆይለት።»