ማዶ የቆመው ሰው

የአላምረው ሬሳ የተገኘው ጥር አሥራ ሦስት ቀን ነው። ከድብ ባሕር በላይ፣ ገደሉ ሥር፣ የበዓል ኩታውን እንደለበሰ።

በማግስቱ ሐዲስን ማራኪ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤቱ አንስተው፣ እጁን በካቴና ጠፍረው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ፎቶ አንሺ ነው። ምላሱ አታርፍም። ያን ቀን ግን ደረቀች፤ ሟቹን መጨረሻ ያየው እሱ ነዋ።

"ገደል አፋፍ ላይ ማን አቆመው?" አለች ሳጅን የትነበርሽ።

"እኔ።"

"ምነው?"

"የተራራው ግዝፈት በሰው እንዲለካ ነዋ! ሚካኤል ለት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የስሜን ጫፍ ሁሉ ቁልጭ ብሎ... ሸጋ ቀን ነበር። 'አያ አላምረው፣ ማዶ ሄደህ ቁምልኝ' አልኩት። ቆመ። አንዴ ጠፋብኝ፤ ሌንስ ቀይሬ ቀና ስል ግን ተመልሶ ቆሟል። 'ወደ ግራ' ብዬ በእጄ አሳየሁት፣ ሄደ። አውለበለብኩለት፣ አውለበለበልኝ። ከዛ ብጠብቀው ብጠብቀው ቀረ። ታቦት ሊያስገባ ሄዷል ብዬ ወረድኩ።"

"በዚች ወሬ ሃያ ዓመት ትገባለህ።"

"ሳጅን፣ እኔ እኮ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኔን ነው የምጨፍነው!"

አልሳቀችም። ከሟቹ ጋር በግጦሽ የተጣላ ይበልጣል የሚባል ሰው ነበር። እሱ ግን ያን ለት ከታቦቱ ጎን ጃንጥላ ይዞ ሲሄድ ደብሩ በሙሉ አይቶታል። የቀረው ሐዲስ ብቻ ነው።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። አንደኛው ላይ አላምረው ቆሟል፤ ነጥብ ያክላል። ሁለተኛው ላይ አፋፉ ባዶ ነው። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ተመልሶ ቆሟል።

አጎላችው።

የኩታው ጥለት ታች መሆን ሲገባው አንገቱ ላይ ወጥቷል። የለቅሶ አለባበስ ነው።

ሐዲስ ወደ ኮምፒውተሩ አንገቱን ሰገገ። "ለራሱ ነው እንዴ የሚያለቅሰው?"

የትነበርሽ ወደ አንደኛው ተመለሰች። ደግሞ ወደ ሦስተኛው።

"ሬሳውን ስናወጣ ጥለቱ ቀይ ነበር። አንደኛውም ቀይ ነው። ይሄኛው አረንጓዴ።"

"ታዲያ እኔ ሳውለበልብ የነበረው..."

"ለገዳዩ ነው።"

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም ካሣዬ ኩታውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ፍትሕ ስጡኝ እያለ ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ ነበር። አስገባችው።

"አያ ካሣዬ፣ መርዶውን መቼ ሰሙ?"

"ሬሳው የተገኘ ለት፣ ማታ።"

"ኩታዎን መቼ አዘቀዘቁ?"

"ያኔው ነዋ!"

ኮምፒውተሩን አዞረችለት። ካሣዬ ፎቶውን አየ። እጁ ቀስ ብሎ አንገቱ ላይ ወዳለው አረንጓዴ ጥለት ሄደ።

"ያባታችንን አውድማ ለቱሪስት ሎጅ ሊሰጥ ነበር" አለ። "ተው አልኩት። እዛው አፋፉ ላይ ሳቀብኝ። ገፋሁት።"

የትነበርሽ የሐዲስን ካቴና ፈታች። ሐዲስ ግን አልወጣም።

"ወደ ግራ ስልህስ ምነው ሄድክ?"

"ብሸሽ ትነቃብኛለህ ብዬ። እሱን መስዬ ቆምኩ።"

"ኩታውን አዘቅዝቀህ?"

ካሣዬ ቀና ብሎ አየው። ጥያቄው የገረመው ይመስላል።

"ምነው ልጄ" አለ፣ እንባው እየወረደ፣ "ወንድሜ ሞቶ እንዴት ብዬ አቅንቼ ልልበስ?"