ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው አለቃ

አለቃው የመሣሪያው ሳጥን ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ልጁ ክው አለች። ሠላሳ ዓመት መሬት ሲቀይስ፣ ያ ሳጥን ላይ የተቀመጠን ሰው ሳይሰድብ ያለፈበት ቀን የለም። እሷንም «ውስጡ ያለው መነፅር ካንቺ ይበልጣል» ብሎ በሰው ፊት አስነሥቷታል። አሁን ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ያያል።

ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ተሻግረዋል፣ እሾህ ጥሰዋል፣ ገደል በገመድ ወርደዋል። ሸለቆው ውስጥ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አባት፣ ልጅ፣ እና ቁጥቋጦ እየመነጠረ መንገድ የሚያወጣላቸው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ቆንጨራ የሚሉት ሰውዬ። የቅየሳው መስመር ዞሮ መነሻው ላይ ሊዘጋ የሚለካ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶታል።

«አለቃ፣ ምን ሆኑ?»

በሥራ ላይ አባትነት የለም፤ ሕጉ የራሱ ነው። ቤት «አባዬ» ነው፣ ሜዳ ላይ ግን «አለቃ» እና «እርስዎ»።

«ጨጓራዬ ነው። ያቺን ኪኒን ስጪኝና ነጥቡን እንዝጋ።»

ፊቱ አመድ መስሏል። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ እሱ ግን በላብ ተነክሯል። ግራ ክንዱን እያሸ መንጋጋውን ዳበሰ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ የተማረችው ሁሉ ትዝ አላት። ልቡ ነው! ጠዋት ወንዙ ላይ፣ ለማንም የማይሰጠውን የመሣሪያውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ሲያሸክማት፣ «አረጁ እንዴ አለቃ?» ብላ ቀልዳበት ነበር። ማወቅ የነበረባት ያኔ ነው።

ከሳጥኑ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጀርባውን ቋጥኝ አስደገፈች፣ ጉልበቱን አጠፈች፣ የሸሚዙን ቁልፍና ቀበቶውን ፈታች።

«አስፕሪን ሰውነትዎ አይቀበልም እንዴ? ጨጓራዎስ ደምቶ ያውቃል?»

«ኧረ ምንም የለብኝም!»

«እንግዲያው ይቺን አስፕሪን ያኝኩ። ሳያኝኩ እንዳይውጧት።»

የያዙት ሬዲዮ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም፤ የግድ አንድ ሰው ይዞት ተራራው አናት ላይ መውጣት አለበት። ፈጣኗ እሷ ናት። ልቡ ቢቆም ደረቱን መጫን የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

«ጋሽ ቆንጨራ፣ እርስዎ ይሂዱ! ልባቸውን ነው፣ ሐኪምና ቃሬዛ ይላኩልን ብለው ለካምፑ ይንገሩ።»

ሰውዬው ሬዲዮውን ይዞ እያነከሰ ሽቅብ ወጣ። ጉሙ ወርዶ ዋጠው።

«ነጥቡስ?» አለ አለቃው፤ ሊነሣም ሞከረ። ትከሻውን ይዛ መለሰችው።

«አንዲት እርምጃ አይራመዱም!»

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ጎርፍ የዋኘች፣ ገደል የወረደች ሴት ቁጭ ብላ የአባቷን ትንፋሽ መቁጠር ብቻ ተረፋት። እንዳትሸከመው ይከብዳታል፣ እንዳትሮጥ ትታው አትሄድም። በረዶ መውረድ ጀመረ። የያዙትን የዝናብ ሸራ አለበሰችው።

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና ጎሽ ብቅ አለ፤ ብቸኛ፣ ቀንዱ ጭቃ የለበሰ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት። ሌላ ቀን ቢሆን ይሄኔ ዛፍ ላይ ነበረች። አባቷን በጀርባዋ ከልላ ቆመች። ጎሹ አፍጥጦ አያት፣ በአፍንጫው እፍፍ አለ፣ ሲበቃው ሄደ። እሷ ያደረገችው ነገር አልነበረም፤ የሄደው በገዛ ፈቃዱ ነው።

«ዛሬ አለቃ አትበይኝ» አለ አባቷ፣ በሰለለ ድምፅ።

ከጎሹ ይልቅ ይሄ አስፈራት።

«አባዬ፣ አይንህን እንዳትከድን። አውራኝ።»

«ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

«እኔም» አለች። እጁን ይዛ አለቀሰች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ከጉሙ ውስጥ የቆንጨራ ፉጨት ተሰማ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት የመጨረሻውን ቁልቁለት በቂጡ እየተንሸራተተ ነበር የወረደው። ከኋላው አንዲት ሐኪምና ቃሬዛ የያዙ አራት ሰዎች ነበሩ።

በአምስተኛው ቀን፣ በተኛበት የሕክምና ክፍል፣ ሐኪሟ ለአለቃው ከልቡ ጡንቻ ከፊሉ እንደሞተ፣ ተራራ የሚባል ነገርም እንዳበቃለት ነገረችው። ሐኪሟ ስትወጣ ልጁ ገባች፤ ሳጥኑን በጀርባዋ አዝላዋለች።

«ነጥቡን ዘጋሽው?»

«አልዘጋሁትም። ክፍት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ለጠያቂ የሚሆን ወንበር አልነበረም። ሳጥኑን አልጋው አጠገብ አወረደችው።

«ልቀመጥበት፣ አባዬ?»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ መልሶም ገጠመው።

«ተቀመጪ» አላት። «ቀስ ብለሽ ግን።»