ጥላሸት በዓይን ቆብ ላይ

ሟቹ በሥራ ጠረጴዛውና በመስኮቱ መካከል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረው፣ ዕቃ ቆንጥጦ የሚይዘው የብረት ሞርሳ ማጅራቱ ላይ አግኝቶታል፤ ደሙ በሲሚንቶው ላይ ረግቶ ጠቁሯል። ዓይኖቹ ግን እንደ ተኛ ሰው ተከድነዋል።

መርማሪው በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ በርከክ አለ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ዕረፍት ከጠየቀ ሰነባብቷል፤ አለቆቹ «ይቺን ብቻ ጨርስልን» እያሉ ከአንዱ አስከሬን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ሥራውን ጠልቶት አይደለም፤ ሰልችቶት ነው። የዘመዱን መሐላ፣ የጎረቤቱን ሹክሹክታ፣ ሁሉንም ገና በሩን ሳያልፍ የሚያውቀው እየመሰለው ነበር።

ይህ ክፍል ግን የማያውቀው ዓይነት ነው። የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅና ቀለም ይሸታል። በመደርደሪያዎቹ ላይ መዳፍ የሚያክሉ ታንኮች ተሰልፈዋል፤ ጭቃ የለበሱ፣ ዝገት የጀመራቸው፣ ወታደር በሚረግጥበት በኩል ብቻ ቀለማቸው የተፋቀ። አሻንጉሊት ለማለት አፍ አይደፍርም።

ሟቹን ሰፈሩ «ሾፌሩ» ይለዋል፤ በወጣትነቱ የእውነተኛ ታንክ ሾፌር ነበርና። እጆቹ ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። መርማሪው አንዱን እጅ አንሥቶ አሸተተው፤ ሳሙና ይሸታል። ስስ የላስቲክ ጓንቶቹ ጣታቸው እንደ ጠቆረ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተሰጥተዋል። ከጠረጴዛው ፊት ደግሞ ሁለት በርጩማዎች ጎን ለጎን ቀርበዋል።

«ተደናቅፎ የወደቀ ነው የሚመስለው» አለች አሥር አለቃዋ በሩ ላይ ቆማ።

«ይመስላል።» አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። በሁለቱም የዓይን ቆቦች ላይ ጥቁር ዱቄት ታትሟል፤ በዚህ የአንድ ጣት፣ በዚያም የአንድ ጣት ያህል።

«ኩል ይሆን?»

«ኩል የሚቀባው በውስጥ በኩል መሆኑን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እየቃተተ ተነሣና ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ታንክ ዞረ። የተቃጠለች መስላ የተሠራች ታንክ ናት። መድፏ ልክ ወደ ፊት ተቀስሯል። ከሚዞረው አናቷ ላይ የወረዱ የጥላሸት መስመሮች አናቱና አካሉ ከሚገናኙበት ሲደርሱ ድንገት ይቋረጣሉ፤ በአካሉ ላይ ደግሞ ከሌላ ቦታ ከምንም ተነሥተው ይቀጥላሉ። ከመድፉ ሥር፣ ከፊት በኩል፣ ምስር የምታክል ነጭ ጠባሳ አለች። እያንዳንዱን ዝገት በብሩሽ ጫፍ ሲለቅም የኖረ ሰው እንዴት ነጭ ፕላስቲክ ይረሳል?

ወረንጦ አነሣና በሰንሰለቱ ሥር ፈለገ። አንዲት ትንሽ ክዳን አገኘ፤ ቀለም ተቀብታ ጥላሸት የለበሰች፣ የተሰበረው ጠርዟ ብቻ ነጭ የሆነ።

*

ሚስቲቱ ሳሎን ተቀምጣ መሐረብ ታጣምማለች።

«እትዬ፣ ሲያገኙት ነክተውታል?»

«የት ደርሼ! በሩ ላይ ነው እግሬ የከዳኝ። ከምሳ በኋላ ወጥቼ አሁን መመለሴ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሳየው የተኛ መስሎኝ ተቆጣሁት እኮ። ‹ተነሥ፣ ሲሚንቶው ያሳምምሃል› አልኩት።»

«ያቺን ታንክ ለምን ነበር የሚሠራት?»

«ለቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ኤግዚቢሽን። የራሱ ታንክ ናት፤ አብራው የተቃጠለችው። ሌሎቹን ሲሠራ ያፏጫል። በዚህችኛዋ ግን ምግቡም እንቅልፉም ተዘጋ።» መሐረቡን ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ተኳሹ ወንድሜ ነበር።»

መርማሪው ቀና አለ።

«ያቺ ታንክ ስትመታ ጥሏቸው ዘለለ፣ ሲሸሽ ሞተ ተባልን። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤት እንዳይጠራ ከለከለ። ከባሌ ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ‹ወንድሜ ጥሎህ ስለሸሸ ይቅር በለን› ልለው ሆስፒታል ሄጄ።»

«ምን አለዎት?»

«አለቀሰ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አለቀሰ። በኋላም ስጠይቀው ‹ሆድ ይፍጀው› ነው መልሱ።»

የሟቹ አማች፣ የልጁ ባል፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነው፤ በጥፍሮቹ ሥር ቀይ ቀለም አለ። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ምሳ ላይ ተጣልተናል። ልዋሽዎት አልችልም፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ባለቤቴ ልትወልድ ነው፤ ክፍሉን ይልቀቁልን አልኳቸው።»

«እሱስ?»

«‹ይቺን ልጨርስና እለቅላችኋለሁ፣ ከእንግዲህ ሌላ አልሠራም› አሉኝ። ነገሩን አላመንኳቸውም። ተናድጄ ወጣሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጋራዥ። ዝግ ነበር፤ ብቻዬን በር ስቀባ ዋልኩ።» ወለሉን አየ። «ማንም አላየኝም። ይህ ለኔ ጥሩ እንዳልሆነ ገብቶኛል።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ትናንሽ ታንኮች በመሥራት የሟቹ ጓደኛና ተፎካካሪ። ጠዋት መጥቶ እንደ ነበር አልካደም።

«ቀንቼበታለሁ፤ ምን ልደብቅዎት» አለ መነጽሩን እየጠረገ። «የኔ ታንክ ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል፤ የሱ ከጦር ሜዳ። ብሩሹን ሰርቄ ብሄድ እንኳ እጁን ከየት አመጣለሁ?»

«ጠዋት ሲያዩዋት ምን ትመስል ነበር?»

«ጭቃና ዝገት ብቻ። ጥላሸቱ ገና ነበር፤ ከምሳ በኋላ ለብቻው ሊሠራው ነበር። ጥላሸት ደረቅ ዱቄት ነው፣ ጌታዬ። ቫርኒሽ ተነፍቶበት እስኪታተም ድረስ ጣት ቢያርፍበት ተነሥቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጓንት የሚያጠልቀው፤ ለዚህ ነው ሰው አጠገቡ የማያስቆመው።»

«አናቷ ትዞራለች?»

«ትዞራለች። ግን አንዴ ጥላሸት ከወረደባት ማን ይነካታል?»

በመጨረሻ ሻለቃው ቀረቡ። የሾፌሩ የቀድሞ አዛዥ ናቸው፤ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ የሚስቲቱን ጩኸት ሰምተው ከመጡ ጀምሮ ሳሎን ከጎኗ አልተለዩም። ጀርባቸው እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ያለ ነው፤ ዓይናቸው ግን በልቅሶ ቀልቷል። ልቅሷቸው የእውነት መሆኑን መርማሪው አየ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አደከመው።

«ከሰዓት በኋላ መጥቼ በሩን አንኳኳሁ» አሉ። «መልስ የለም፤ ተመለስኩ። ወደ ሥራ ክፍሉ ከገባሁ እንኳ ሳምንት አልፎኛል።»

«ስለዚያች ቀን ይንገሩኝ።»

«ምን ይነገራል፣ ልጄ። ተመታን። ተኳሹ ጥሎን ዘለለ። መድፉ ልክ ፊት ለፊት ነበር፤ መድፉ ፊት ለፊት ሲሆን አፈሙዙ ከሾፌሩ ክዳን በላይ ስለሚያርፍ ክዳኑ አይከፈትም። ልጁ ከታች ይጮሃል። እንግዲህ በውስጥ በኩል በብብቱ ይዤ ጎተትኩት፤ በኔ መውጫ አወጣሁት።»

«መድፉን ወደ ጎን ማዞር አይቻልም ነበር?»

«ሞተሩ ሞቷል። በእጅ የሚዞር መንኰራኩር አለ፤ እሱ ደግሞ በተኳሹ ወንበር በኩል ነው። ተኳሹ የታለ?» መሐረባቸውን አወጡ። «ምስኪን! ምን ያህል እንደ ደከመባት። ያንን ጥላሸት ሳየው እኮ የዚያን ቀን ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።»

መርማሪው ምንም አልጻፈም። ራሱን ነቀነቀና እንደ ምንም ከወንበሩ ተነሣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ተረት እናቱ ትሁን አያቱ፣ ማን ትነግረው እንደ ነበር ለማስታወስ ሞከረና ተወው።

*

ፀሐይዋ በሳሎኑ መስኮት በአግድም ስትገባ መርማሪው ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ያቺን ታንክ ከቆመችበት ሰሌዳ ጋር አምጥቶ መካከላቸው አኖራት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቁሜ አልናገርም፤ ጉልበቴ እሺ አይለኝም» ብሎ ተቀመጠ። «ይህ ሰው ተደናቅፎ አልሞተም። የጥላሸቱን ሥራ ጨርሷል፣ ቫርኒሹ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ጓንቱን አውልቆ እጁን ታጥቧል። ሁለት በርጩማ አቅርቧል፤ እንግዳ ነበረው ማለት ነው። ቆሞ ፊት ለፊት ሲነጋገር ተገፋ፤ በጀርባው ወድቆ ሞርሳው አገኘው።»

አማችየው ከመቀመጫው ተነሣ። «እኔ አይደለሁም! በልጄ እምላለሁ!»

«ገና ላልተወለደ ልጅ መሐላ አታሸክመው። ታገሥ።» ወረንጦውን አነሣ። «በሟቹ የዓይን ቆቦች ላይ ጥላሸት አለ። የራሱ እጅ ንጹሕ ነው፤ እትዬም አልነኩትም። ስለዚህ እንግዳው በባዶ ጣቱ መጀመሪያ ታንኳን ነካ፤ ከዚያ የሟቹን ዓይን ከደነ። ታንኳን ለምን ነካት?»

ትንሿን ክዳን በወረንጦው አንሥቶ አሳያቸው።

«ይቺን ክዳን ከሥሯ አገኘኋት። የሾፌሩ መውጫ ክዳን ናት። ክፍት ሆና ተለጥፋ፣ ክፍት እንዳለች ጥላሸት ወርዶባት ነበር። የተሰበረችው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እስቲ ሐኪም፣ እነዚህን መስመሮች ይዩልኝ።»

የጥርስ ሐኪሙ ጎንበስ አለ። «አይገጥሙም! እሱ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም።»

«አልሠራም።» መርማሪው በወረንጦው ጫፍ የታንኳን አናት በቀስታ ገፋ። መድፉ ከፊት ወደ ጎን ዞረ፤ ዞረ፤ ድንገት ከላይ የወረደው ጥላሸት ሁሉ ከታችኛው ጋር መስመር በመስመር ገጠመ። በመድፉ ሥር የነበረችው ነጭ ጠባሳ ሰማይ አየች። ክዳኗን በቦታዋ ደገፋት፤ አሁን ያለ ምንም እንቅፋት ቆመች።

«ሾፌሩ ታንኳን የሠራት እንዲህ አድርጎ ነው። መድፉ ወደ ጎን ዞሮ፣ የራሱ መውጫ ተከፍቶ። እንግዳው መድፉን ወደ ፊት ሲመልሰው አፈሙዙ ክዳኗን ገጭቶ ሰበራት። አሁን ይህን የሚያደርግ ማን ነው? የተናደደ አማች ታንኳን ከግድግዳ ያላትማታል እንጂ መድፏን አያዞርም። ሐኪሙ ያልታተመ ጥላሸት በባዶ ጣቱ አይነካም። እትዬ መድፉ ወዴት ቢዞር ምን ትርጉም እንዳለው ከማን ሰምተው ያውቃሉ? የመድፉ አቅጣጫ የሚመሰክርበት፣ ‹ልክ ፊት ለፊት ነበር› ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መርማሪው ወደ ሻለቃው ዞረ።

«ሻለቃ፣ ያቺን ክፍል ለሳምንት አልረገጥኩም አሉኝ። ቀጥለውም ጥላሸቱን ሳየው የዚያን ቀን ጭስ ሸተተኝ አሉ። ጥላሸቱ ዛሬ ከምሳ በኋላ የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት በዚህች ታንክ ላይ ጥላሸት አልነበረም።»

ሻለቃው መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቀጥ ያለው ጀርባቸው በሰው ፊት ጎበጠ።

«ጠርቶኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «‹ለሰው ከማሳየቴ በፊት እርስዎ ይዩት› አለኝ። አክብሮኝ እኮ ነው የጠራኝ። ተው አልኩት፤ ለመንኩት፤ ‹በዚህ ዕድሜዬ ስሜን አታርክሰው› አልኩት። ‹ከዚህ በላይ አልችልም› አለኝ። ከመንገዴ ዞር እንዲል ገፋሁት እንጂ፣ እንዲሞትብኝ አልነበረም።»

«አምናለሁ። ጠላት ዓይን አይከድንም» አለ መርማሪው። «ግን ከመክደንዎ በፊት መድፉን አዞሩ። ጥላሸቱ የሚለው ይህን ነው።»



ሚስቲቱ ተነሥታ ሻለቃው ፊት ቆመች። «ወንድሜስ?»

ሚስቲቱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ማዕድ አብረን ቆርሰናል። ልጄን ድረዋል። ይናገሩ!»

«መጀመሪያ የዘለልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «እሱም መውጣት ይችል ነበር፤ መውጫው ከራሱ በላይ ክፍት ነው። ግን የባልሽን ጩኸት ሰማ። መሬት ላይ ተኝቼ መንኰራኩሩን ሲያዞር እሰማ ነበር። ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ አዞረው። ከዚያ … ከዚያ በኋላ ዝም አለ።»

አሥር አለቃዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አማችየው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ባሌም ያውቅ ነበር» አለች ሚስቲቱ በቀስታ። «ዕድሜ ልኩን አጠገቤ ተኝቶ።»

«እሱ ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ሳለ፣ እኔ ተኳሹ ሸሸ ብዬ ተናግሬ ጨርሼ ነበር» አሉ ሻለቃው። «ከነቃ በኋላ፣ ዝም በል ብዬ አዘዝኩት። አዛዡ ነበርኩ።»

መርማሪው ለአሥር አለቃዋ ምልክት ሰጠ፤ ሻለቃውን በክንዳቸው ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። እሱ ኮቱን አንሥቶ ሊከተል ሲል ሚስቲቱ ስልኩ ወዳለበት ጥግ ስትሄድ አየ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ነካች።

«ለማን ነው?» አለ አማችየው።

«ለእናቴ። እህቴ ዘንድ ናት፤ ጆሮዋ ከብዷል እንጂ አእምሮዋ ደኅና ነው።»

መርማሪው ወጥቶ የውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አሥር አለቃዋ ቁልፉን ይዛ የመኪናውን በር ስትከፍት እጁን አንሥቶ አስቆማት። «ሞተሩን አታስነሺ። ሴትዮዋ ትጨርስ።»

ከውስጥ፣ ሚስቲቱ የምትችለውን ያህል ስትጮኽ ይሰማል።

«እማዬ! አልሸሸም! … ማን ነው ትያለሽ እንዴ? … ልጅሽ! ልጅሽ አልሸሸም!» ቀጥሎ፣ ይበልጥ ጮኻ፣ ለብዙ ዘመን በዚያ ቤት ያልተጠራውን የወንድሟን ስም ጠራች።