ቦታ የሚመርጥ ብልሽት

ወርቅውሃ ከአረቅጥ ከተማ በላይ ያለውን ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። የአውሮፕላን አደጋ መመርመር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም አውሮፕላን ለመርማሪ የሚመች ሜዳ ላይ ወድቆላት አያውቅም። ጉሙ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳም። ካፒቴን ካሳሁን ቀበቶው እንደታሰረ፣ መሪውን እንደያዘ ሞቶ አገኘችው። ረዳት አብራሪዋ ማዕዶት ክንዷ ተሰብሮ ተርፋለች። ከሁለቱ በቀር የተሳፈረ አልነበረም፤ ከኋላ የነበረው የመድኃኒት ካርቶን ብቻ ነው።

ትንሿ አውሮፕላን ማክሰኞና አርብ ጠዋት ከወልቂጤ ተነስታ ቡታጅራ ታርፋለች። በመካከል ተራራው ስላለ፣ የተፈቀደላት መንገድ በሰሜን በኩል ዞራ መሄድ ነው። ታዲያ እዚህ ምን አመጣት?

እዚያው አጠገብ እንሰት ስትፍቅ የነበረችው ጠይባ፣ ጥያቄው ራሱ ገረማት።

«እኛማ ለምደናታል» አለች። «ማክሰኞና አርብ በጣሪያችን ላይ ነው የምታልፈው። አላህ ይማረውና ዛሬ አልሞላላቸውም።»

ቡታጅራ ባለው የአውሮፕላኗ ባለቤት ድርጅት ቢሮ የበረራ ኃላፊው ይድነቃቸው ወንበር ሳይጋብዛት ማስረዳት ጀመረ። ተራራውን ዞረው እንዲሄዱ የሚያዝ ደብዳቤም አወጣ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ካሳሁን እልኸኛ ነበር» አላት። «ያን ቀን ብቻ መንገድ ስቶ ገባ። የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያ መሣሪያውም ብልሹ ነው፤ ዝም ብሎ ይጮኻል። መካኒኩን ይጠይቁት።»

ወርቅውሃ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችው። ዓይኗ አጠገቧ በተለጠፈው የበረራ ሰዓት ሠሌዳ ላይ ያረፈው ሌላ የሚያርፍበት ስላጣ ነበር። ኃላፊው ጥፋቱ የሁለቱ አብራሪዎች ነው የሚል ደብዳቤ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቷ ልኳል። የእሷ ሪፖርት ይህን ካጸደቀ የማዕዶት ፈቃድ ይነጠቃል፤ የካሳሁን ሚስት ቤዛም በግዴለሽነቱ የሞተ ሰው ሚስት ተብላ ትቀራለች።

መካኒኩ አብዱልሃፊዝ ላብ አጥምቆት ነበር። አብራሪዎቹ መሣሪያው በሐሰት ይጮኻል ብለው ሰባት ጊዜ መዝግበዋል፤ እሱም ሰባት ጊዜ ፈትሾ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል።

«ወላሂ፣ ደህና ነው ያልኩት ደህና ስለሆነ ነው» አላት። አጥብቃ ብትጠይቀውም ያንኑ ደገመ። ሰባቱን መዝገብ ተቀብላ ወጣች።

ማዕዶት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። መሣሪያው ጮኸ፣ ከዚያ ተራራው መጣ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሦስተኛው ቀን የአብራሪዎቹ ክፍል የድምፅ ቅጂ ደረሰ። ወርቅውሃ ሁለት ጊዜ ሰማችውና ምሳዋን ሳትቀምስ ተወችው።

በማግስቱ ሁሉንም በዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ማዕዶት ክንዷን በጀሶ ታስራ መጣች፤ ቤዛ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰባቱም ጩኸት የተመዘገበው ከወልቂጤ በተነሱ በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ነው» አለች ወርቅውሃ። «የተበላሸ መሣሪያ በፈለገው ቦታ ይጮኻል እንጂ ቦታ አይመርጥም። ስለዚህ አብዱልሃፊዝ እውነቱን ነው፤ መሣሪያው ሰባቴም ተራራ አይቶ ነው የጮኸው። ታዲያ ዞሮ የሚሄድ አውሮፕላን በዚያ ደቂቃ ተራራ አያገኝም። ካሳሁን በተራራው ላይ ያለፈው ያን ቀን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጠይባ የምትባል ገበሬም በየሳምንቱ ሁለት ቀን ታያቸዋለች።»

«በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ይድነቃቸው።

ወርቅውሃ ወደ ግድግዳው ሄዳ የሰዓት ሠሌዳውን ነቀለች።

«ከወልቂጤ መነሻ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቡታጅራ መድረሻ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ዞሮ ለሚሄድ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በሃያ ሁለት ደቂቃ የሚደርሰው በተራራው ላይ ያቋረጠ ብቻ ነው። አቶ ይድነቃቸው፣ ደብዳቤው ዙሩ ይላል፣ ሠሌዳው አቋርጡ ይላል። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።»

ይድነቃቸው ፊርማውን አየ። ኃላፊው «የዘገየ አብራሪ ሌላ ሥራ ይፈልግ» ብሏቸው እንደነበር አብዱልሃፊዝ አቀርቅሮ ተናገረ፤ እሱም አልካደም።

ቤዛ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። «ባለቤቴስ ጩኸቱን ለምን አልሰማም?»

ወርቅውሃ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሠሌዳው ከወጣበት ካለፈው ወር ጀምሮ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ካሳሁን የተራራውን ጫፎች በዓይኑ እያየ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ያልፍ ነበር። መሣሪያው ሲጮህ ዓይኑ ምንም የለም ይለዋል፤ እንዲህ እያለ ሰባት ጊዜ ለመደው። በስምንተኛው ጉም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ከዚያ ቅጂውን ከፈተችው። መሣሪያው «ወደ ላይ! ወደ ላይ!» እያለ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ እናውጣት?» ይላል የማዕዶት ድምፅ።

«ተዪው፣ እንደ ልማዱ ነው።»

ከዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ጩኸት ብቻ።

ቤዛ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ማዕዶት ግን ከቅጂው ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ሳልጠይቃቸው መሪውን ብስበው ኖሮስ?»

ወርቅውሃ ልታጽናናት ፈለገች። እንዲህ ለሚጠይቋት ሁሉ ምንም አይፈይድም ነበር ስትል ኖራለች። ለመዋሸትም ግን አቅም ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ደክሟት ነበር። እውነቱን ነገረቻት።

«ትተርፉ ነበር። አራት ሰከንድ ይበቃችሁ ነበር።»

ማዕዶት ቅጂውን በደህና እጇ ዘጋችው።

«እሱንም ይጻፉት» አለች። «ፈቃዴን ቢወስዱም ይውሰዱት። ቀጣዩ ረዳት መጀመሪያ መሪውን ይሳብ፤ ጋሼን ይቅርታ በኋላ ይጠይቅ።»

ወርቅውሃ ወረቀት ሳበች። ማዕዶት ቃሏን አንድ በአንድ ማስጻፍ ጀመረች፤ ቤዛም ከበሩ አጠገብ ተነስታ መጣችና ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች።