የኮኩ አንገት

ጌታነሽ ከኮኩ ችግኝ ግርጌ አፈሩን በጣቷ ገለል ስታደርግ የግንዱ ልጣጭ ተገሽልጦ ጥፍሯ ላይ ቀረ። እንደ ራሰ ቆዳ ይልፈሰፈሳል፤ የከረመ አተላ ይሸታል። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ አጥሩ በር ዞረች። እናቷ ከመሐል ሜዳ ገበያ ገና አልተመለሰችም። አሁኑኑ ግን ልትደርስ ትችላለች።

ኮኩ የወንድሟ የበዕውቀቱ ነው። ሐምሌ ላይ ችግኙን ከደብረ ብርሃን አምጥቶ ጓሯቸው ተከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እናታቸው ገበያነሽ ታዲያ ዛፉን እንደ ልጇ ያዘችው። የመንዝ ብርድ እንዳይገድለው ብላ አፈርና ፍግ ቆለለችበት፤ ዝናብ በጣለ ማግስት እንኳ ውሃ ታጠጣዋለች። ማንም እንዳይነካው ከልክላለች። መስከረም ላይ ቅጠሉ ሲገረጣ ግን እህልም እንቅልፍም ራቃት። «ልጄ አንድ ነገር ሆኗል» ትላለች።

ጌታነሽ የእርሻ መምህሯን ጠይቃ ነበር። «አንገቱ በስብሶ ነው» አሏት መምህር ፈንታ። «ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ አፈር ሲለብስ፣ ውሃ ሲተኛበት ይታመማል። አፈሩን ግለጪና የበሰበሰውን ፋቂው፤ ነፋስ ያግኘው። መበስበሱ ዙሪያውን ከዞረ ግን አይድንም።»

«ዞሯል እንዴ?» አለች አሁን ጓሮው ውስጥ አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ብርነሽ።

«እንጃ። ለማየት ፈራሁ።»

«ስሚኝማ! ትምህርት ቤት ችግኝ ጣቢያ ይህንኑ የሚያህል ኮክ አለ። ዘበኛው አጎቴ ነው። ይሄን ነቅለን ያንን እንትከል። እትዬ ገበያነሽ በምን ያውቃሉ? ለምልሞ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፣ አለቀ!»

ሐሳቡ ጌታነሽን አማለላት። እናቷ ስትስቅ ታየቻት። ወዲያው ደግሞ በአዲሱ ችግኝ አንገት ላይ አፈር ስትቆልል ታየቻት።

«ያንንም ትገድለዋለች» አለችና ከጎኗ ያኖረችውን ቢላዋ አነሣች።

ፋቀች። ከፊት ጠቁሯል፤ ከጎንም ጠቁሯል። በአጥሩ በኩል ግን ከቢላዋው ሥር ጣት የማይሞላ ጤነኛ አረንጓዴ ብቅ አለ። ወዲያው የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ።

«ምን አደረግሽው?» እናቷ ሸክሟን ጣለች።

«አይጥ ነው እትዬ! አይጥ በልቶት ነው!» አለች ብርነሽ ቀድማ።

እናቷ ጌታነሽን አየቻት። አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«አይጥ አይደለም እማዬ። አፈሩ ነው። አንገቱን አፍነነው ነው።»

«እኔ ነኝ የቆለልኩት።»

«አዎ። ሊድን ይችላል፤ ላይድንም ይችላል። ቢደርቅ ግን የሚደርቀው ኮክ ነው እማዬ። በዕውቀቱ አይደለም።»

ገበያነሽ ቁጢጥ አለችና አረንጓዴዋን በአውራ ጣቷ ነካች።

«ውሃም አላጠጣው?»

«እስኪደርቅለት አታጠጪው።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ስነሣ ምን ልሥራ?»

ጌታነሽ አጠገቧ ተንበርክካ አፈሩን በሁለት እጇ ወደ ውጭ ትስብ ጀመር። «እኔም አብሬሽ እነሣለሁ» አለች።